ከመስኮቱ ሥር

«ጫፉን ለቀቅ ማድረግ ነዋ!» አለ አባቷ። ልብስ ሰፊ ስለሆነ የዓለም ችግር ሁሉ ወይ የሚለቀቅ ወይ የሚጠብ ይመስለዋል። «መክፈያው በሰባት ዓመት ይርዘም፤ በየወሩ የምንከፍለው ይቀንስልናል።»

«የቤት ብድር እኮ ነው፣ ሱሪ አይደለም!» እናቷ ሳቀች፤ የባንኩን ወረቀት ግን ከእጇ አላወጣችም። «ሰባት ዓመት ሙሉ ወለድ ልንቀልብ? ባንኩ ካቀረበልን ሁለተኛው ምርጫ ይሻላል። ለስድስት ወር ወለዱን ብቻ እየከፈልን ትንፋሽ እናገኛለን።»

«ከዚያስ? ወርሃዊው ከአሁኑም ይብሳል። የሱቅ ኪራይ እየከፈልኩ ከየት አመጣዋለሁ?»

የሱቁ መንገድ ለጥገና ከተቆፈረ ወዲህ ደንበኛ ድርሽ አላለም። የቤቱ ክፍያ ተጓትቷል፤ ነገ ጠዋት አንዱን መርጠው ካልፈረሙ ባንኩ ቤቱን ሊወስደው ይችላል።

የአሥራ አራት ዓመቷ ልጃቸው ዕቃ እያጠበች ሁሉንም ሰማች። ቤት ውስጥ «ባለክፍሏ» ይሏታል። ለምና፣ አኩርፋ፣ አልቅሳም ጭምር ባለፈው ዓመት የራሷን ክፍል አግኝታለች። ክፍሉ የሚዘጋ በርና ወደ መንገድ የሚከፈት ሰፊ መስኮት አለው። ከሁሉ በላይ ታናሽ ወንድሟ የለበትም። እሱን «ጡሩንባ» የሚሉት ተኝቶም ስለማያርፍ ነው።

መፍትሔው ብልጭ ካለላት ቆይቷል። እንዳላየች ሆና አንዱን ድስት ደጋግማ አጠበችው።

«ድስቱ ሊበሳ ነው! ምን ሆነሻል?» አለ ጡሩንባ።

«ዞር በል ባክህ!»

ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ግድግዳውን ራሷ ነበረች የቀባችው። ከሳሎን የአባቷ ድምፅ መጣ፤ «እሺ በቃ፣ ሰባቱ ዓመት ይሁን» አለና ደስታ የሌለው ሳቅ ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ ሰምታው አታውቅም።

ብድግ ብላ በሩን ከፈተች።

«አባዬ፣ ሁለቱ የስፌት መኪኖችህና የመቁረጫው ጠረጴዛ እዚህ ይገባሉ?»

አባቷ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ልማድ ሆኖበት ክፍሉን በዓይኑ ለካው።

«መግባቱንስ ይገባሉ። ምነው?»

«ሱቁን ልቀቀዋ። ደንበኛ በመስኮቱ ያይሃል። ኪራዩን ለባንኩ ስትከፍል የእማዬ ምርጫ ያዋጣል።»

«አንቺስ?»

«ጡሩንባ ጋ። ካንኮራፋ ግን በትራስ ነው የምለው!»

«አላንኮራፋም!» ሲል ከሳሎን ጮኸ። እናቷ ወረቀቱን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

አባቷ ግን አልሳቀም። «እስከ ጠዋት አስቢበት፣ የኔ ልጅ። ሐሳብሽን ብትቀይሪም አልቀየምሽም።»

የመጽሐፍ መደርደሪያዋን በአንድ በኩል ያዘች።

«በዚያ በኩል ያዝልኝ እንጂ! ጠረጴዛህ ከመስኮቱ ሥር ይሁን፤ ብርሃን ይፈልጋል።»