ባለ አንድ ዓይኑ ጅብ

ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ የተገኙት ቅዳሜ ማታ፣ ጠረጴዛቸው ላይ እንደተደፉ ነው። ብሩሻቸው ከቀኝ እጃቸው ሥር ወድቋል። ከፊታቸው ያለው ሥዕል አልቋል፤ አህያ፣ ጅብ፣ ዝንጀሮና ቆቅ በአንድ አውድማ ዙሪያ ቆመዋል። መጀመሪያ ያዩዋቸው ሰዎች ሥራቸውን ጨርሰው ልባቸው ድንገት ቀጥ ያለች መስሏቸው ነበር። ሐኪሙ ግን አፋቸው ውስጥ የትራስ ጥጥ አገኘ።

ሟቿ ከመምህርነት ጡረታ ከወጡ ወዲህ ለልጆች የእንስሳት ተረት የሚያዘጋጁ፣ ሥዕሉን ራሳቸው የሚሥሉ፣ በራሳቸው ወጪ የሚያሳትሙ አያት ነበሩ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ልጅ ያለበት ቤት መጽሐፋቸው አይጠፋም። በማግስቱ፣ እሑድ፣ በከተማው ቤተ መጻሕፍት አዲሱን ተረት ለልጆች ሊያሰሙ ቀጠሮ ነበራቸው።

«ሰዓቱን ሐኪሙ መለየት አልቻለም» አለ ሳጅን አማረ። «ቤቱ ብርድ ነው። ከረፋዱ እስከ አመሻሹ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው ከማለት አያልፍም። ግን ሥዕሉ ራሱ ይነግረናል።»

«እንዴት አድርጎ?» አለች ኢንስፔክተር ሽታዬ። ዓይኗን ከሥዕሉ አላነሣችም።

«ጎረቤታቸው ረፋድ ላይ ስትገባ የእንስሳቱ ፊት ገና አልተሣለም። የአራቱን ፊት ለመጨረስ ለእሳቸው ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ በሕይወት ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ እዚህ ግቢ ሲገባ የታየው መጽሐፋቸውን የሚያትመው ደምለው ብቻ ነው። ይዘነዋል። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

«እሱ ምን ይላል?»

«አንኳኩቼ መልስ ሳጣ ተመለስኩ ይላል። ምን እንዲል ነበር?»

ሽታዬ ማስታወሻዋን ከደነች። ሰው ማሰር ቀላል እንደሆነ፣ ስሙ ከጠፋ በኋላ ማስፈታት ግን እንደማይበቃው በሥራዋ አይታለች። እስከ ነገ ጠዋት ያለውን ጊዜ በከንቱ ማሳለፍ አልፈለገችም።

ጎረቤቲቱ ወይዘሮ መቅደላዊት ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ ለብሳ ጓዳ ውስጥ ተቀምጣ ነበር።

«ወንፊት ልዋስ ነው የገባሁ» አለች። «ሥዕሉ ጠረጴዛው ላይ ነው። ራስ የሌላቸው እንስሶች። ‹ወለትዬ፣ እነዚህን ማን አንገታቸውን ቀላቸው?› ብላት ሳቀች። ፊት መጨረሻ ላይ ነው የምትሥል። አባቷ የደብረ ወርቅ ሰው፣ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ፤ ከእሳቸው የያዘችው ነው።»

«ሌላስ ከአባታቸው ምን ያዙ?»

«ዓይኑን ነዋ፣ ልጄ። ቤተ ክርስቲያን ገብተሽ አላየሽም? ጻድቅ ፊት ለፊት ቆሞ በሁለት ዓይኑ ያይሻል። ይሁዳና ሰይጣን በጎን ናቸው፤ አንድ ዓይን ብቻ። እሷም እንስሶቿን እንዲያው ነው የምታደርግ፤ ክፉው ባለ አንድ ዓይን ነው። ዘመድ ጎረቤቱ ያውቀዋል። የሰፈሩ ልጆች መጽሐፉን ሲገልጡ መጀመሪያ ዓይን ነው የሚፈልጉ።»

«ከእርስዎ ቀጥሎ ማን መጣ?»

«ሙላት፣ የወንድሟ ልጅ። እኔ ስወጣ እሱ ሲገባ በር ላይ ተገናኘን። ‹አማኑኤል ከተማ ተዝካር ተጠርቻለሁ፣ አክስቴን ሰላም ብያት ልለፍ› አለኝ።»

ሽታዬ ወደ ሥዕሉ ተመለሰች። አህያው፣ ዝንጀሮውና ቆቋ ፊት ለፊት ያዩዋታል። ጅቡ ግን በጎን ቆሟል፤ አንድ ዓይን ብቻ አለው። መደርደሪያው ላይ ያሉትን አራት የቀድሞ መጻሕፍት አንድ በአንድ ገለጠች። መቅደላዊት ያለችው እውነት ነበር።

ሙላትን ከቀብር መልስ ደጅ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ለቀስተኛ ሲቀበል አገኘችው። የቴክኒክ ሥዕል መምህር ነው፤ ንጹሕ፣ ቃላቱን መርጦ የሚናገር ሰው።

«ከእሷ የተለየሁት በሰላም ነው» አለ። «መረቀችኝ። ብሩሹን አንሥታ የእንስሳቱን ፊት ስትጀምር አይቼ ወጣሁ። ከቀትር ጀምሮ አማኑኤል ነበርኩ፤ ተዝካሩ ላይ ያልነበረ የአገር ሽማግሌ የለም፣ ሁሉንም መጠየቅ ይችላሉ።»

«ተረቶቻቸውን ያውቋቸዋል?»

«እኔ ሳልሰማው መጽሐፍ የሆነ ተረት የለም። የመጀመሪያዋ አድማጯ እኔ ነኝ።»

«የአዲሱንም?»

«የአዲሱንም።»

የሟቿ ልጅ ፍቅርአዲስ የምትኖረው ደጀን ነው። መርዶውን ሰምታ ከመጣች ወዲህ ድምፅዋ ተዘግቷል።

«ደምለውን እንደ ልጇ ነበር የምታየው» አለች። «ያለፈውን መጽሐፍ ቀለሙን አጨማልቆባት ‹ከእንግዲህ ባሕር ዳር ነው የማሳትመው› ብላው ነበር። ለዚህ ብሎ ይገድላታል?»

«አዲሱን ተረት ነግረውሽ ነበር?»

«በስልክ፣ ከነእንስሶቹ ድምፅ። ለእትዬ መቅደላዊትም ነግራታለች፤ ሁለቱ ሲሳሳቁ ነው የከረሙት።»

«ለአቶ ሙላትስ?»

ፍቅርአዲስ አሰበች። «ድሮ ከሁላችን በፊት ለእሱ ነበር የምትነግረው። ለፋሲካ እኛ ጋ መጥታ ሳለ ልጄ በስልክ ተረት ስታዳምጥ እናቴ ሰማች። ስልኩን ተቀበለቻትና ብቻዋን ደጅ ወጣች። ምን ሆንሽ ብላት ወሬ ቀየረችብኝ። ከዚያ ወዲህ የሱን ስም ስታነሣ ሰምቻት አላውቅም።»

ጣቢያ ውስጥ ደምለው ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ሽታዬ ከፊቱ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«የመጨረሻውን ተረት ንገረኝ» አለችው።

«ምኑን?»

«ተረቱን።»

«ሰው ገደልክ ተብዬ ታስሬ ተረት ላውራ?»

«ሥራዬ ብለህ አውራልኝ።»

ደምለው ትክ ብሎ አያት። ቀልድ አለመሆኑ ሲገባው ጉሮሮውን ጠረገ። «ቲቸር በእጃቸው አይጽፉም። አራተኛ ክፍል ሲያስተምሩኝም ተረት በቃላቸው ነበር። ሱቄ መጥተው ቁጭ ብለው ይነግሩኛል፣ እኔ ኮምፒዩተር ላይ እጽፋለሁ። ከዚያ ቤታቸው ሄደው ይሥላሉ።»

«ቤታቸው የተጻፈ ነገር የለም ማለት ነው?»

«አንድ መስመር የለም። … ተረቱ እንዲህ ነው። ከእንስሳቱ አውድማ ገብስ ይሰረቃል። ሌባው ጅቡ ነው ይባላል። ከሁሉም አብዝቶ የሚከሰው አህያው ነው። ለካ የሚሰርቀው አህያው ራሱ ኖሯል። ጅቡ አውድማው ዳር የሚቆመው ሊጠብቅ ነው። ቆቋ ናት የነቃችበት። ‹ከመቼ ወዲህ ነው ጅብ ገብስ የሚበላው?› ብላ ጠየቀች።» እዚህ ላይ ፈገግ ሊል ቃጣውና ተወው። «እዚህ ጋ ሲደርሱ ራሳቸው ይስቁ ነበር።»

ሽታዬ ተነሣች። በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለች። «ቅዳሜ ለምን ሄድክ?»

«ይቅርታ ልጠይቅ። ስለ ቀለሙ።»

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ደጅ ድንኳኑ ውስጥ ለቀስተኛ እንደተቀመጠ፣ ሽታዬ ሁሉንም ሟቿ ይሠሩበት ወደነበረው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሳጅን አማረ ደምለውን በካቴና አስሮ ሲያስገባው ፍቅርአዲስ ፊቷን አዞረች።

«ይሄን ሰውዬ እናቴ ቤት ለምን አመጣችሁብኝ?»

«ጥቂት ታገሺኝ» አለች ሽታዬ። ሥዕሉን ሁሉም እንዲያየው ግድግዳው ላይ አስደግፋ አቆመችው። «አቶ ሙላት፣ የመጀመሪያው አድማጭ እርስዎ ነዎት። የዚህን ሥዕል ተረት ይንገሩን።»

ሙላት ትከሻውን ነቀነቀ። «ለቅሶ ቤት ተረት ይወራል?»

«ዛሬ ይወራል።»

ሥዕሉን አየ። መናገር ሲጀምር ድምፁ የሠለጠነ የተረት አውሪ ድምፅ ነበር። «አህያ አውድማ ላይ ገብስ ሲያበራይ ይውላል። ጅብ ሊበላው ያደፍጣል። ዝንጀሮ ከገደሉ ላይ ያየዋል፤ ቆቅ ጮኻ ታስጠነቅቃለች። እንስሳቱ ተባብረው ጅቡን ያባርሩታል። እንግዲህ ዝርዝሩን …»

ንግግሩን አቋረጠ።  መቅደላዊት ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች።

«ውይ ሙላት» አለች ቀስ ብላ። «እንዲያ አይደለም እኮ።»

ደምለው ለመጀመሪያ ጊዜ ሥዕሉን ቀና ብሎ አየው። «ጅቡ» አለ። «ጅቡን ማን ነው እንዲህ ያደረገው? ጅቡ እኮ ደጉ ነው።»

«ማን እንዳደረገው እንድረስበት» አለች ሽታዬ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ክፉውን በአንድ ዓይን ነው የሚሥሉት። በዚህ ተረት ክፉው አህያው ነው። እሳቸው ቢሥሉት ኖሮ በጎን የሚቆመው አህያው ነበር። ስለዚህ እነዚህን ፊቶች የሣሉት እሳቸው አይደሉም፤ ከሞቱ በኋላ የተሣሉ ናቸው። ከሰዓት በኋላ በሕይወት ነበሩ ያልነው በእነዚህ ፊቶች ምክንያት ነው። ፊቶቹ ውሸት ከሆኑ ሰዓቱም ውሸት ነው።»

ሳጅን አማረ ካቴናው ላይ የነበረውን እጁን አላላ።

«ሠዓሊው እንግዳ ሰው አይደለም። ጅቡን ብቻ ለይቶ በጎን አቁሞታል። የዓይኑን ደንብ ያውቃል ማለት ነው። ተረቱን ግን አያውቅም። የሚያነብበት ወረቀት ፈልጎ ቢሆን እንኳ ቤቱ ውስጥ የለም። ስለዚህ ሰው ሁሉ እንደሚገምተው ገመተ፤ ጅብ ነውና ክፉ ነው አለ። ደምለው ተረቱን ራሱ ጽፎታል። ፍቅርአዲስ በስልክ ሰምታዋለች። ወይዘሮ መቅደላዊት ስቀውበታል። ደግሞስ ደምለው ገዳይ ቢሆን፣ ሞቱን እሱ ወደ መጣበት ሰዓት ለማምጣት ምን አደከመው? ይህን የሚፈልገው ረፋድ ላይ እዚህ የነበረ፣ ከቀትር በኋላ ግን ሩቅ አገር ምስክር ያለው ሰው ነው። ለእሳቸው ግማሽ ቀን የሚፈጀውን ፊት፣ መሣል ሙያው የሆነ ሰው ሲቸኩል ከቀትር በፊት ይጨርሰዋል።»

«ግምት ነው» አለ ሙላት።  «ተረቱን ረስቼው ሊሆን ይችላል።»

«አልረሱትም። አልተነገረዎትም። ለሁሉም ነግረዋል፤ ለእርስዎ ብቻ አልነገሩም።»

ሽታዬ ስልኳን አውጥታ ሙላት ገጹ ላይ የለቀቀውን ቅጂ ከፈተች። አሁን የሰሙት ያው የሠለጠነ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። «ልጆች፣ ይህ ከራሴ የፈለቀ ተረት ነው …» ፍቅርአዲስ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከእናቷ የመጀመሪያ መጽሐፍ ነበር፤ ቃል ሳይቀየር።

«ይህንን ነው ደጀን ላይ የሰሙት» አለች ሽታዬ። «አራቱንም መጻሕፍት በስምዎ እየተረኩ በኢንተርኔት አሰራጭተዋል። አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት የልጆች ፕሮግራም እንዲያዘጋጁ እንደመረጠዎት ራስዎ ገጽዎ ላይ አብስረዋል። ቅዳሜ ጠዋት ሲመጡ አክስትዎ ምን አሉዎት?»

ሙላት ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከደጅ የለቀስተኛው ጉርምርምታ ይሰማል።

«ተረቶቼን እንደሰረቅህ እሑድ ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ አለችኝ» አለ በመጨረሻ። «ስሜን ጠርታ፣ በተማሪዎቼ ፊት። ለመንኳት። እግሯ ላይ ወደቅሁ። ‹ሙላትዬ፣ ብትጠይቀኝ እኮ እሰጥህ ነበር› አለች። እሱን ደጋግማ አለችው። ዝም እንድትልልኝ ነበር …» እጁን አየና አልጨረሰውም።

ፍቅርአዲስ አልጮኸችም። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች ቀስ በቀስ ጎንበስ አለች። መቅደላዊት ትከሻዋን ያዘች።

ሳጅን አማረ የደምለውን ካቴና ፈትቶ በሙላት እጅ ላይ አሰረውና በጓሮ በር ይዞት ወጣ። ደምለው ቆሞ ቀረ። አንጓውን እያሻሸ ሽታዬን አያት።

«ልሂድ?»

«ሂድ። ነገ ፍርድ ቤት የምትቀርብበት ምክንያት የለም።»

«ቀብራቸው ላይ አልነበርኩም» አለ። ወደ ደጅ ወጣ።

ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ወሬ እሱ ብቅ ሲል ቀጥ አለ። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሰዎች ከንጋት ጀምሮ ስሙን ሲረግሙ የዋሉ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ሊነሣበት ቃጣው። ደምለው ከድንኳኑ አፍ አላለፈም፤ አልተመለሰምም።

ከኋላው ፍቅርአዲስ መጣች። ክንዱን ይዛ በለቀስተኛው መካከል አልፋ እስከ ቤተሰቡ አግዳሚ ወሰደችው።

«ጠጋ በሉለት» አለች በተዘጋ ድምፅዋ። «የእናቴ ሰው ነው።»

ጠጋ አሉለት። ደምለው ተቀመጠ፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነና ከታሰረ ጀምሮ ያልተፈቀደለትን ለቅሶ አለቀሰ።