ያኮረፈው ጎማ

«ደህና ነው» አለች እናቷ፤ ዱላዋን ይዛ ወደ ስምንተኛው ጎማ አለፈች።

ልጅቷ ግን ከሰባተኛው አልተንቀሳቀሰችም። ሌሎቹ ሲመቱ «ደንግ» ብለው ነበር። ይሄኛው «ድፍ» ነው ያለው፤ ትራስ የተመታ ይመስል።

የጭነት መኪናው የኋላ ጎማዎች ጥንድ ጥንድ ናቸው። የውስጠኛው አየር ቢጎድለው የውጪው ደግፎ ስለሚይዘው በዓይን አይለይም፤ በጆሮ እንጂ። ጭነት ተሸክሞ ረጅሙን ቁልቁለት ሲወርድ ግን ይግላል፤ ይፈነዳል።

ይህን ያወቀችው ገና በስድስት ዓመቷ ነው። ያኔ ትምህርት ሲዘጋ ቤት የሚጠብቃት ሰው ስላልነበረ የእረፍቱን ጊዜ በሙሉ ጋቢና ውስጥ ታሳልፍ ነበር። ከመቀመጫው ኋላ ያለችው ጠባብ አልጋ ናፍጣና የልብስ ሳሙና ትሸታለች። ዳገት ላይ እናቷ ማርሽ ስትቀይር አልጋዋ ትንቀጠቀጣለች፤ እሷም እንቅልፍ የሚወስዳት ያን ጊዜ ነው። ጠዋት ጠዋት፣ ሞተር ከመነሳቱ በፊት፣ ሁለቱ መኪናውን ይዞራሉ። እናት በዱላ ትመታለች፤ ልጅ ትፈርዳለች።

«ይሄስ?»

«ይሄ ይዘፍናል!»

«ይሄስ?»

«ይሄ አኩርፏል!»

ያኮረፈውን ጎማ ጎሚስታው ጋ ወስደው ያባብሉታል። ልጅቷ እስኪነፋ ድረስ አጠገቡ ቁጭ ብላ «አይዞህ» ትለው ነበር።

አክስቷ አብራቸው መኖር ከጀመረች ወዲህ ግን ጉዞው ቀረ። ዛሬ ከሦስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ነው። እናቷ ትናንት ማታ የጋቢናዋን አልጋ አንሶላ አጥባ፣ ተኩሳ አንጥፋላታለች።

«እናት ፍሬን! ጎማ ስታስዘፍኚ ሊመሽብን ነው እኮ!» የስምሪት ኃላፊው ከቢሮው መስኮት ጮኸ። ሹፌሮቹ ሁሉ የሚጠሯት እንዲህ ነው፤ ያን ቁልቁለት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትወርድ አንድም ቀን ፍሬን ግሎባት አያውቅም።

«አንተ ሻይህን ጠጣ! እኔ አዳምጬ ነው የምነዳው!»

ቤት ውስጥ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ከወር ወር ከፍ እያለ ነው። እናቷ «ምን አልሽኝ?» ማለት አብዝታለች፤ ስታወራም ቀኝ ጆሮዋን ታስቀድማለች። ግራው አሥራ ዘጠኝ ዓመት በተከፈተ መስኮት ነፋስና የሞተር ጩኸት ሲጠጣ የኖረ ነው።

በግቢው በር ላይ አንድ ሽማግሌ የመውጫ ወረቀት ይቆጣጠራል። እሱም ሹፌር ነበር፤ ምርመራ ላይ ዓይኑ ደክሟል ተብሎ ነው እዚያ የተቀመጠው። እናቷ አንድ ጊዜ በአጠገቡ ስታልፍ «እኔን እንዲህ ከሚያስቀምጡኝ…» ብላ ሳትጨርሰው ቀርታ ነበር።

ልጅቷ ጎማው ላይ ምስማር አየሁ ብትልስ? ጎማው ይቀየራል፤ እናቷም አትነካም፤ ጉዞውም ከሰዓት በኋላ ይቀጥላል። ጥሩ ውሸት ነበር። ግን ትምህርት ሲከፈት፣ እሷ ክፍል ስትገባ፣ ለእናቷ ምስማር የሚያይላት ማን ነው?

«እማዬ።»

እናቷ አልዞረችም። ልጅቷ በእናቷ ቀኝ ጆሮ በኩል ዞራ ቆመች።

«እማዬ፣ ሰባተኛው አኩርፏል።»

እናቷ ሳቀች። «አንቺ! እስካሁን አልረሳሽውም?» የልጇን ፊት ስታይ ግን ሳቋን ዋጠችው። «አሁን መታሁት እኮ። ደህና ነው።»

ልጅቷ ዱላውን ከእናቷ እጅ ወሰደች። ሰባተኛውን መታች። ቀጥላ ስምንተኛውን።

«እስቲ ድገሚው» አለች እናቷ ጎንበስ ብላ።

ደገመችው።

«ይለያያል?»

«በጣም ይለያያል፣ እማዬ።»

እናቷ መዳፏን ጎማው ላይ አሳርፋ ቆየች፤ ትኩሳት ያለበትን ልጅ እንደምትዳስስ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የጠረጠርሽኝ?»

«ቴሌቪዥናችንን ጎረቤት መስማት ከጀመረ።»

እናቷን ሳቅ አመለጣት፤ ዓይኗን ግን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«የዛሬውን ጭነት ለሌላ ሰው ስጥ!»

«ምን ሆንሽ ደግሞ?»

«ጎማዬ አኩርፏል!» አለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጨመረች፤ «እኔም ጆሮዬን ለሐኪም ላሳይ። አብረሽኝ ትሄጃለሽ?»

ልጅቷ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። አንሶላው እንደ ተነጠፈ መዋሉ ትዝ ሲላት ወደ ጋቢናው ቀና ብላ አየች።

ዘጠነኛውና አሥረኛው ጎማ ቀርተው ነበር። ዱላውን ልትመልስ ስትል እናቷ እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች።

«ጀምረሻል፤ ጨርሺዋ።»

ልጅቷ ዘጠነኛውን መታች። እናቷ ጆሮዋን አላዘነበለችም። የልጇን ፊት ነበር የምታየው።

«ይሄስ?» አለች።