ፊት ለፊት የተቀመጠ ወንበር

የነፃ የሕግ ድጋፍ መስጫው ሁለት ክፍሎች ነበሩት። ምድር ቤት ባለው ክፍል የሚሠራው ወጣቱ ጠበቃ ነው። እዚያ አንድ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ኋላ አንድ ትልቅ ወንበር፣ ለባለጉዳይ ደግሞ ሁለት የእንጨት ወንበሮች አሉ። ፎቅ ላይ ከተማው «የድሆች አባት» የሚላቸው አንጋፋው ጠበቃ ይሠራሉ። ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ያጣ ሰው ደረጃው ላይ ተሰልፎ ተራውን ይጠብቃል። በከተማው ያለ ክፍያ የሚቆሙ ጠበቆች ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

ይህ እስከ ማክሰኞ ምሽት ነው።

ረቡዕ ጠዋት አንዲት ልብስ አጣቢ የምድር ቤቱን በር ገፋ ስታደርግ ወጣቱ ጠበቃ በትልቁ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አገኘችው። አናቱ ተፈንክቷል። ከብረት የተሠራው ወረቀት መብሻ እግሩ ሥር ወድቋል። እንቅልፍ የጣለው መስሏት ቀና ልታደርገው ስትሞክር እጅጌዋን ደም ነካው። ጩኸቷን ሰምቶ የመጣው አሥር አለቃ ደሙን አይቶ ያዛት።

«እሰሩኝ፣ ግድ የለም» አለች። «ግን የልጄ ይግባኝ ዛሬ ከሰዓት ነው። እባካችሁ፣ አንድ ሰው ይቁምለት!»

ልጇ ጭነት ከሚሸከምበት መጋዘን ሰርቀሃል ተብሎ ሰባት ዓመት የተፈረደበት የቀን ሠራተኛ ነበር። ከሰዓት በኋላ ይግባኙን ይዞ ሊቆምለት የነበረው ሟቹ ነው።

ኢንስፔክተሯ ደርሳ አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ወንበሮቹ ላይ እየተዘዋወሩ መቀመጥ ነበር።

«አለቃ፣ ገና ከመግባታችን ደከመዎት እንዴ?» አለ አሥር አለቃው።

«ሰው በተቀመጠበት ተቀምጬ ካላየሁ ነገር አይገባኝም።»

ከባለጉዳይ ወንበሮቹ አንዱ ግድግዳውን ተጠግቷል። ሌላው ከጠረጴዛው ማዶ፣ ከሟቹ ፊት ለፊት ነው። ኢንስፔክተሯ እሱ ላይ ብዙ ቆየችና የሟቹን ጸሐፊ አስጠራች። ጸሐፊዋ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«ይህን ወንበር እዚህ ያስቀመጥሽው አንቺ ነሽ?»

«ኧረ እኔ አይደለሁም። ማታ ጠርጌ ስወጣ ሁለቱንም ግድግዳ አስጠግቻለሁ።»

«ትናንት አመሻሽ ስለ ልጇ ልትጠይቅ የመጣችው አጣቢስ መቼ ወጣች?»

«እሷ ከወጣች በኋላ ነው የጠረግኩት። ደግሞ እሱ ባለጉዳይን ፊት ለፊት አያስቀምጥም። ሁለቱን ወንበሮች ጎን ለጎን አድርጎ እሱም ከማዶ መጥቶ አጠገባቸው ይቀመጣል። ‹ጠረጴዛው ዳኛ ያስመስለኛል፣ ሰዉ ይፈራኛል› ይል ነበር።»

«የቤቱ አከራይ ሲመጣስ?»

«እሱማ መቼ ተቀምጦ ያውቃል? በር ላይ ቆሞ ጮኾ ይሄዳል።»

«አንጋፋው ጠበቃስ?»

«ጋሼ ሲመጡ ከመቀመጫው ተነሥቶ ትልቁን ወንበር ይለቅላቸዋል። እንደ አባቱ ነው የሚያከብራቸው።»

ቀጥሎ የተጠራው አከራይ ሳይጠየቅ መናገር ጀመረ። «ሰልፉ ደረጃዬን ጨረሰው! ልቀቁልኝ ብያለሁ፣ አልክድም። ግን ሰው መግደል? እኔ እኮ መርፌ ስወጋ የምወድቅ ሰው ነኝ።»

«ማታ በሩን ማን ዘጋው?»

«እኔ። ጸሐፊዋ ስትወጣ የግቢውን በር ቆለፍኩ። ውስጥ የቀሩት ጠበቆቹ ናቸው፣ የየራሳቸው ቁልፍ አላቸው። ሌላ ሰው ቢያንኳኳ የምከፍተው እኔ ነበርኩ፤ ማንም አላንኳኳም።»

ሟቹ ማክሰኞ ከሰዓት የዋለው እስር ቤት ነበርና ኢንስፔክተሯ ወደዚያ ሄደች። የአጣቢዋ ልጅ ጠባብ ክፍል ውስጥ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አጣምሮ ተቀመጠ።

«ትናንት ለጠበቃህ ምን ነገርከው?»

«ከፍርዱ በፊት እዚህ መጥቶ ያነጋገረኝ ጠበቃ እንደሌለ ነገርኩት። ያኔ የቆሙልኝን ትልቁን ጠበቃ መጀመሪያ ያየኋቸው ችሎት ውስጥ ነው። ለዳኛው ‹አነጋግሬዋለሁ፣ ጥፋቱን አምኗል› አሉ። ልናገር ስል ‹ዝም በል፣ ታባብሰዋለህ› አሉኝ።»

«ይህን ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማንም። ለእናቴ እንኳ አልነገርኳትም። እሳቸውን እንደ መልአክ ነው የምታያቸው።» ቀና አለ። «እሷስ? ዛሬ ችሎት ትመጣለች አይደል?»

ኢንስፔክተሯ ማስታወሻ ደብተሯን ዘግታ ወጣች።

አንጋፋውን ጠበቃ ፎቅ ላይ አገኘቻቸው። ከጠረጴዛቸው እስከ መስኮቱ ፋይል ተቆልሏል።

«ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት መቼ ነው?»

«ትናንት ጠዋት፣ ወደ እስር ቤት ሊሄድ ሲል። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።» መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። «ለልጁ ዛሬ እኔ እቆምለታለሁ። እስር ቤት መጥቶ አልጠየቀኝም ብሎ ስሜን ቢያነሣም ቂም አልይዝም። ሰው ሲጨንቀው የረዳውን ይረሳል።»

«ቸር ነዎት» አለች ኢንስፔክተሯ። «ከችሎቱ በፊት ሁላችሁም ምድር ቤት እንድትገኙ ብቻ ነው የምፈልገው።»

ስድስት ሰዓት ላይ ተሰበሰቡ። አጣቢዋ አንጋፋው ጠበቃ ለልጇ እንደሚቆሙ ስትሰማ እግራቸው ላይ ወደቀች። «እድሜ ይስጥልኝ አባቴ! እድሜ ይስጥልኝ!» እሳቸው አነሷት፤ ዓይኗን ግን አላዩም።

ኢንስፔክተሯ ወንበሩን ጠቆመች። «ይህ ወንበር የተሳበው ክፍሉ ከተጠረገ በኋላ ነው። ያን ጊዜ እኚህ እናት ሄደዋል። ተመልሰው ቢሆን ሟቹ ሁለቱንም ወንበሮች ስቦ አጠገባቸው ይቀመጥ ነበር። እጅጌያቸው ላይ ያለው ደግሞ የረጋ ደም ቅርፊት ነው፤ ማታ ቢሆን ትኩሱ ደም ጨርቁን ያርሰው ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ነው የነካቸው።»

«እኔም አልተቀመጥኩም!» አለ አከራዩ።

«እርስዎ ተቀምጠው አያውቁም። የቀረው ጋሼ ናቸው።»

«ለጋሼማ ትልቁን ወንበር ይለቅ ነበር» አለች ጸሐፊዋ።

«ትናንት አለቀቀም። ጋሼን እንደ ዳኛ ከጠረጴዛው ኋላ ሆኖ ነው ያናገራቸው። ለምን? ልጁ የነገረውን ይዞ ስለመጣ ነው። ጋሼ፣ ልጁ ያን ቃል የተናገረው ትናንት ከሰዓት ነው፣ ለሟቹ ብቻ። እርስዎ ሟቹን ከጠዋት በኋላ አላየሁትም አሉኝ። ታዲያ ልጁ ስምዎን እንዳነሣ ማን ነገረዎት?»

አንጋፋው ጠበቃ የተሳበውን ወንበር መደገፊያ ያዙ።

በዚህ መሐል አጣቢዋ ተነሥታ የኢንስፔክተሯን ክንድ ያዘች። የገባት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«እስከ ማታ ተያቸው! በእናትሽ፣ ችሎቱ ብቻ ይለፍ! ከዚያ የፈለግሽውን አድርጊያቸው። ሌላ ሰው እኮ የለኝም!»

«እናቴ፣ እሳቸው ቢቆሙለት ልጅዎ አምኗል ብለው ነው የሚደግሙት። ሌላ ካሉ ራሳቸውን መክሰስ ይሆንባቸዋል።»

«‹ነገ ችሎት ላይ ለዳኛው እናገራለሁ› አለኝ» አሉ አንጋፋው ጠበቃ በቀስታ። «ፈቃዴን እንደሚቀሙኝ ያውቃል። ለመንኩት። ጎንበስ ብሎ መጻፉን ቀጠለ።» እጃቸውን ወደ ፎቁ አነሡ። «ያን ፋይል አይተሽዋል? ሁሉም የእኔ ነው። የትኛውን እስረኛ ሄጄ ልጠይቅ? የትኛውን ልተው? ሁሉንም አነጋግሬዋለሁ ማለት ቀለለኝ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፣ እሱ እስኪጠይቀኝ።»

«ስለ ስንቱ ሰው እንዲህ ብለዋል?» አለች ጸሐፊዋ።

አንጋፋው ጠበቃ ወደ በሩ ዞሩ። አሥር አለቃው ወሰዳቸው።

አጣቢዋ ተለቀቀች። ችሎት ስትደርስ ልጇ ብቻውን ቆሟል። ኢንስፔክተሯ ያገኘችውን በቃል አስረዳች፤ ዳኛው አዳምጠው መዘገቡ፣ ነገር ግን ክርክሩ ያለ ጠበቃ አይሰማም አሉ። መዝጋቢው በከተማው ያለ ክፍያ የሚቆም ጠበቃ እንደሌለ አረጋገጠ። ከሌላ ከተማ እስኪመደብ ድረስ ቀጠሮው ከአምስት ወር በኋላ ሆነ፣ ልጁም ወደ እስር ቤት ተመለሰ።