ከሞት የተረፉት አሥራ አንድ ችግኞች

ሦስት መቶ የአቮካዶ ችግኝ በአንድ ማለዳ ሞቶ ተገኘ።

በላይነሽ የችግኝ ቤቷን በር ገፍታ ገባችና ክው ብላ ቀረች። ትናንት ጠውለግ ብሎ ሲያሳስባት የዋለው ቅጠል ዛሬ ተጠብሶ ቡናማ ሆኗል። አንዱን ነካችው፤ በእጇ ላይ ተፈረፈረ። ዓመት ሙሉ ያዳቀለቻቸው፣ ለሰኔ ተከላ ለአቃቂ ገበሬዎች ቃል የገባችባቸው ነበሩ።

«መርዘውብኛል» አለች። ቃሉ አንዴ ከአፏ ወጣ፤ የሚመልሰው አልተገኘም።

ችግኞቹን የሚያጠጣው ኡመይር ነው። ከወሎ መጥቶ ሁለት ዓመት አብሯት ሠርቷል፤ ከሚስቱ ከኡምሀኒ ጋር የሚኖረውም እዚያው ግቢ ጓሮ ባለች ክፍል ነው። ከክፍሉ በስተጀርባ ባዶ የአረም ማጥፊያ ጠርሙስ ተገኘ። ለውሃ መሳቢያው ናፍጣ የምቀዳበት ነው ብሎ ማለ። ማን ይስማው? በዚያ ላይ ለኢድ አንድ ሳምንት ፈቃድ ጠይቆ በላይነሽ አራት ቀን ብቻ ስለሰጠችው ተኮራርፈው ሰንብተዋል። የቸኮለች ጅብ ቀንድ ትነክሳለች ይባላል። በላይነሽም ቀትር ሳይሆን ክሷን ፈረመች፤ ፖሊሶች ኡመይርን በመኪና ወሰዱት። ኡምሀኒ መኪናው እስኪያልፍ የግቢውን በር ይዛ ቆመች።

በማግስቱ ምክትል ኢንስፔክተር ነቢዩ ለምርመራ የሚላክ ናሙና ሊወስድ መጣ። ሌባ ያውቃል እንጂ ችግኝ አያውቅም፤ ስለዚህ ሁሉንም ከሥሩ ጠየቀ።

«በቀን ስንት ጊዜ ያጠጣል?»

«ሁለቴ። ችግኞቹ ያሉባቸው ፖቶች ዙሪያቸውን የተበሱ ናቸው። ሥሩ ቀዳዳው ጋ ሲደርስ አየር ያገኘውና ይቆማል፤ እንደ ድሮው የላስቲክ ከረጢት ውስጡ አይጠማዘዝም። ግን ቶሎ ይደርቃሉ።»

«በቂ መጠጣቱን በምን ያውቃል?»

«በቀዳዳዎቹ ሲንጠባጠብ። እኔው ነኝ ያስተማርኩት።»

«ሰሞኑን ሲንጠባጠብ አይተዋል?»

«በየቀኑ።»

ነቢዩ ጎንበስ ብሎ አንዱን ፖት አነሳ። በሁለት ጣቱ ነው ያነሳው። ግራ ተጋብቶ አያት።

«ይሄ ነው ውሃ ጠጣ የሚሉኝ?»

በላይነሽ ተቀበለችው። ባዶ ዕቃ የያዘች መሰላት። ሳምንቱን ሙሉ ስታይ እንጂ አንድም ቀን አንስታ አልመዘነችም ነበር። ፖቱን ፈልቅቃ ከፈተችው፤ ከመሐሉ አቧራ ቦነነ። ሳፋ በውሃ ሞላችና ሌላ ፖት ከተተችበት። ተንሳፈፈ።

ያን ጊዜ ገባት። ፖቶቹ የተሞሉት በአፈር አይደለም። አየር እንዲያስገባ ተብሎ የቡና ገለባ፣ የኮኮናት ቃጫና ሬድ አሽ የሚሉት ቀይ ድንጋይ ነው የተቀላቀለው። ይህ ድብልቅ እርጥበት ሳይለየው ከቆየ ውሃ ይጠጣል። አንዴ እስከ ልቡ ከደረቀ ግን ውሃ አልቀበል ይላል፤ ያፈሰሱበት ሁሉ በዳር በዳር ሾልኮ በቀዳዳው ይወጣል። የሚያድነው ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፎ ማቆየት ብቻ ነው። ምስኪኑ ኡመይር ሲንጠባጠብ እያየ ጠገቡ ብሎ የውሃ ጎማውን ይሰበስብ ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

«እንዲህ ለመድረቅ ስንት ቀን ይፈጃል?» አለ ነቢዩ።

«በዚህ በመጋቢት ፀሐይ... ሦስት፣ አራት ቀን።»

መልሷን ራሷ ስትሰማው ደነገጠች። ኡመይር ለኢድ ወሎ ሄዶ የቆየው አራት ቀን ነው፤ ከተመለሰ ሳምንቱ።

«በነዚያ ቀናት ማን ነበር የሚያጠጣው?»

የተንሳፈፈውን ፖት ከሳፋው አወጣችው።

«አባቴ» አለች። «ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ረስተው ይሆናል። እርጅና ነው።»

አባቷ አቶ ቀናው አርባ ዓመት በችግኝ ጣቢያ የሠሩ፣ እጇን ይዘው ማዳቀል ያስተማሯት ሰው ናቸው። ረስተው ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ነቢዩ ግን ጥግ ላይ ከውሃ በርሜሉ ኋላ ቆሞ ነበር። «እነዚህስ ለምን አልሞቱም?»

አሥራ አንድ ችግኞች፣ ለምለም እንደሆኑ። በላይነሽ ዓይኗ ከሞቱት ላይ አልነሳ ብሎ እስካሁን አላየቻቸውም። አንዱን አነሳች፤ ከባድ ነው። ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋር የተዳቀለበትን ቦታ ስታይ ማሰሪያው ላስቲክ ወደ ግራ ተጠምጥሟል። እሷ ወደ ቀኝ ነው የምትጠመጥመው። በዚያ ግቢ ግራኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አባቷ። አምና «እጄ ሙያውን እንዳይረሳ» ብለው አሥራ አንድ አዳቅለው ነበር።

የረሳ ሰው የራሱን ብቻ መርጦ አያስታውስም። በላይነሽ ችግኙን እንደያዘች ነቢዩን አስከትላ ወጣች።

አቶ ቀናውን ቤት ደጃፍ ላይ ለዘር የሚሆን የጌሾ ፍሬ እየለቀሙ አገኟቸው። ችግኙን ፊታቸው አስቀመጠችው።

«አባባ፣ እነዚህን ብቻ ለምን አጠጧቸው?»

ሽማግሌው ችግኙን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«እጄ እምቢ አለኝ» አሉ። «የቀሩትን እንዳትጠረጥሪ ቅጠላቸውን ብቻ እያርከፈከፍኩ አለፍኳቸው። እነዚህ ላይ ስደርስ ግን አልቻልኩም።»

«ለምን? እኔ ምን አደረግኩዎት?»

«አዲሱን ፖት ሊያዩ እንግዶች የመጡ ቀን እኔ በላስቲክ ያሳደግኩትን ችግኝ ነቅለሽ ሥሩን አሳየሻቸው። ተጠማዝዞ ራሱን አንቋል፣ አርባ ዓመት ሲሠራ የኖረው እንዲህ ነው አልሽ። ሳቁ። ፎቶ አነሱ። እኔ ከኋላሽ ወንበር ይዤ ቆሜ ነበር።»

በላይነሽ ሳቁን ታስታውሳለች። እሳቸው እዚያ መቆማቸውን ግን አታስታውስም። ይህ ከችግኞቹ ሞት ይልቅ አስደነገጣት።

«ያንቺም ፖት አንድ ጊዜ ያሳፍርሽ አልኩ። ስለ ኡመይር አላሰብኩም። ሲወስዱት ማታ እነግራታለሁ አልኩ። ከዚያ ነገ አልኩ።» ኮታቸውን አነሱ። «እንሂድ።»

ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ በላይነሽ ከክሱ ላይ አንድ ስም አሰርዛ ሌላ ስም አስጻፈች። ጸሐፊው ዝምድናችሁ ምንድን ነው ሲላት «አባቴ» አለች፤ አልሰማሁም ብሎ አስደገማት።

ኡመይር ቀበቶውን በእጁ ይዞ ወጣ። አግዳሚው ላይ የተቀመጡትን አቶ ቀናውን ሲያይ ፊቱ በራ። ጎንበስ ብሎ እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ።

«አባባ፣ እርስዎ መጥተው ነው ያስፈቱኝ? አላህ ይስጥልኝ።»

ሽማግሌው እጃቸውን ሊያስለቅቁ ታገሉ። ኡመይር አልለቀቀም።

«ኡመይር» አለች በላይነሽ። «ያሳሰርኩህ እኔ ነኝ። ችግኞቹን ያደረቋቸው ደግሞ እሳቸው ናቸው።»

ኡመይር እሷን አየ፤ እሳቸውን አየ። እጃቸውን ቀስ ብሎ ለቀቀና እዚያው አጠገባቸው አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ። ኡምሀኒ ከበሩ ውጭ ቆማ ትጠብቀው ነበር፤ እሱ ግን አልተነሳም።