የዕርቁ ድንጋይ በተነበበ ዕለት

ይታይሽ በዚያ ጧት ቁርስ ሳትቀምስ ሁለት ጊዜ ሞታ ነበር። በመጀመሪያ አንድ ጡረተኛ ያመጣው የጢም ምላጭ ጉሮሮዋን ቆረጣት፤ ቀጥሎ ከአሮጌው ድልድይ የተነቀለ ብሎን ከሠላሳ ሜትር ከፍታ ቁልቁል ጣላት። ሁለቱንም በመዝገብ አሰፈረች፤ እጇን ታጠበች፤ ሻይዋንም ጠጣች። በነገሮች ታሪክ ቤት የሚሠራ አንባቢ እንዲህ ያለውን ጧት ደኅና ጧት ይለዋል።

የሚሠሩበት መሣሪያ ልሳነ ግዑዝ ይባላል፤ የማይናገረው ነገር አንደበት ማለት ነው። ድንጋይም ሆነ ብረት፣ እንጨትም ሆነ አጥንት፣ የመታበትን፣ የጨበጠውንና የተሸከመውን ሰው መንቀጥቀጥ በውስጡ ይዞ ይኖራል። መሣሪያው ያንን ንጣፍ በንጣፍ፣ ከቅርቡ ዘመን ወደ ሩቁ እየገለጠ በጓንት በኩል ወደ አንባቢው ጅማት ያስተላልፋል። የመካነ ዓለት ሰው የማበጠሪያውን፣ የበሩን መቀርቀሪያ፣ የሚቀመጥበትን በርጩማ ታሪክ ማወቅ ይወድዳል። አንባቢው እንዳይጎዳ ደግሞ ማርገቢያ የሚባል ጋሻ አለ፤ ከሕመሙ ከዐሥር አንዱን ብቻ ያሳልፋል። በማርገቢያ የተነበበ ሞት በወፍራም ብርድ ልብስ ላይ ያረፈ ቡጢ ነው፤ መመታት ይታወቃል፣ የመታው ሰው ግን አይለይም።

መካነ ዓለት በገደል ግድግዳ ላይ የተፈለፈለች ከተማ ናት። ከላይ አፋፍ፣ ከታች ሸለቆ የሚባሉ ሁለት ሰፈሮች አሏት፤ በመካከላቸው በሰፊ እርከን ላይ የዕርቅ አደባባይ ይገኛል። በአደባባዩ እምብርት የሙክት ያህል የሚከብድ ጥቁር ድንጋይ ተቀምጧል። ሙሽሮች በአጠገቡ ፎቶግራፍ ይነሣሉ። ሕፃናት ሲጣሉ እናቶች «ሂዱና ዕርቁ ላይ ተቀመጡ!» ብለው ያባርሯቸዋል። የሁለቱ ሰፈር ቅድመ አያቶች በእርሱ ላይ ተቀምጠው ታረቁ ይባላል። ይህን ድንጋይ ግን ማንም አንብቦት አያውቅም፤ በውስጡ ያለውን ሁሉም የሚያውቀው ይመስለው ነበርና።

ከዐሥራ አንድ ቀን በፊት፣ የወንዙን ውኃ ወደ አፋፍ የሚያወጣው ማማ ተበላሽቶ ቆመ። ሸለቆ «አፋፎች ከድርሻቸው በላይ ስበው ሰበሩት» አለ፤ አፋፍ «ሸለቆዎች ሆን ብለው አቆሙት» አለ። በዱላ፣ በብረትና በጥርስ ተያያዙ፤ ማማው በአደባባዩ ላይ ተገንድሶ ወደቀ። ዐሥራ ዘጠኝ ሰው ሞተ። የአፋፏ የይታይሽ ታናሽ ወንድም ላቀው ከአደባባዩ እርከን ጫፍ ተወርውሮ፣ ሬሳው ከገደሉ ሥር በአካፋ ተለቀመ። የወረወረው ቢሰጥ የሚባል የሸለቆ ጎልማሳ ነው። ቢሰጥ ድርጊቱን አልካደም፤ «እኅቴን ማንጠግቦሽን ስለ ገደላት ነው» አለ። የማንጠግቦሽ ሬሳ ግን ትጠግነው በነበረው ማማ ፍርስራሽ ሥር ስለ ተገኘ፣ ማማው ገደላት ተብሎ ተጻፈ። «ገዳይ ሌላ ምን ይላል?» አለ አፋፍ።

ዕርቁ ለዚያ ቀን ቀትር ተቆርጦ ነበር። እንደ ልማዱ ገዳዩ ድንጋዩን በማጅራቱ ተሸክሞ በሟች ወገን ፊት ይንበረከካል፤ ካነሡለት ደሙ ደረቀ ማለት ነው። ካላነሡለት ግን ደሙ በደም ይከፈላል። የቢሰጥና የማንጠግቦሽ አባት፣ የሸለቆው ሽማግሌ አያ ጓንጉል፣ ከሸክሙ በፊት ድንጋዩ ይነበብልን ሲሉ ጠየቁ። በየሰዉ አንጓ ላይ የሚታሰረው ኅብር የተባለ አምባር አንባቢው የሚሰማውን ለሁሉ ያካፍላል፤ አራት ሺህ ሰው የአባቶቹን ሰላም በአንድነት ቢቀምስ ማን ይጠላል? የአፋፍ ወገንም እንቢ የሚልበት ምክንያት አጣ።

ንባቡ የተጣለው በይታይሽ ላይ ነው፤ ድንጋዩ ወደ ታሪክ ቤቱ ሲመጣላት አስቀድማ ለመሞከር ጓንቷን አጠለቀች። ጣቷን እንዳሳረፈች ማርገቢያው እንደሚሰበር ገል ጮኸና ዝም አለ። አንድ ሞት ለመቻል የተሠራ ጋሻ ነበር፤ በድንጋዩ ውስጥ የነበረው አንድ ሞት አልነበረም።

በመጀመሪያ ሁለት እጆች መጡ። ድንጋዩን ከግራና ከቀኝ ጨበጡት፤ የግራው እጅ ትንሿ ጣት ግን አልደረሰችም፤ እኩሌታዋ የለችም። ይታይሽ ያችን ጣት ታውቃታለች። ላቀው ሕፃን ሳለ የፓምፕ ቀበቶ የቆረጣትን፣ እርሷ ራሷ ቀሚሷን ቀድዳ ያሰረችለትን ጣት እንዴት ታጣታለች? እጆቹ ወደ ላይ ወጡ። ከፊት አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ብሎን ታጠብቅ ነበር። በመጀመሪያው ምት የራስ ቅሉ እንደ ዕንቁላል ቅርፊት ሲደቅቅ ድንጋዩ ሰማ፤ ይታይሽም ከውጭም ከውስጥም ሰማችው። በሁለተኛው ሴቲቱ እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች፤ ጣቶቿ ተፈጩ። በሦስተኛው ላቀው እያለቀሰ ነበር፤ አላቆመም።

ከዚያ ሥር ሌላ ግድያ ነበር፤ ከእርሱም ሥር ሌላ። ሰባት ራስ፣ ሰባት ዓይነት እጅ። ከስድስቱ አሮጌ ግድያዎች ቀጥሎ በእያንዳንዱ አንድ ሕያው ማጅራት ተሰማት፤ የሚንቀጠቀጥ፣ ያላበው፣ ድንጋዩን የተሸከመ። ከማጅራቱም በኋላ ምንም የማይሰማበት ረጅም ባዶ ነበር። ባዶውን የመሣሪያው ብልሽት ነው ብላ አለፈችው።

ስትነቃ ወለሉ ላይ ነበረች፤ ከአፍንጫዋ ደም ይወርዳል። አጎቷ ጋሼ ድልነሳው፣ የአፋፍ ሽማግሌዎች አለቃ፣ ከራስጌዋ ቆመዋል።

«አየሽው፣ አይደል?» አሏት፤ አነጋገራቸው ጥያቄ አይመስልም ነበር።

«እርስዎ መቼ ዐወቁ?»

«ያኔውኑ። ድንጋዩን በእጄ አጥቤ መለስኩት። ልጅቱንም ወደ ፍርስራሹ ያስጎተትኩ እኔ ነኝ።»

«ጋሼ! የሰው ልጅ እኮ ናት!»

«ላቀውስ የማን ልጅ ነበር? የሙት ስም ላድን ብዬ ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ላይኛውን ንጣፍ ዝለዪው። ከሁለተኛው ጀምሪ። ቢሰጥ ይሸከማል፣ እናነሣለታለን፣ አለቀ። ላቀው ገደለ ካልሽ ግን ሁለት ሺህ የሸለቆ ሰው አደባባዩ ላይ ነው። የምንቀብርበት ቦታ አይበቃንም።»

«ሁለተኛውም ግድያ ነው። ሦስተኛውም። እስከ ታች ድረስ። አባቶቻችን የተሸከሙት የገደሉበትን ያንኑ ድንጋይ ነው።»

ሽማግሌው ድንጋዩን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየ ሰው አዩት። «ዕርቁስ?»

«ዕርቁን አላገኘሁትም» አለች።

በቀትር አደባባዩ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። አፋፍ በምሥራቅ፣ ሸለቆ በምዕራብ፣ በመካከል መብረቅ ዱላ የያዙ ዘበኞች። የጦር መሣሪያ ይዞ መምጣት ተከልክሏል፤ ነገር ግን የማማው ፍርስራሽ ገና አልተጠረገም፤ ድንጋይና ብረት በየእግሩ ሥር ነው።

«ቢሰጥ! ማጅራትህን ቅቤ ቀብተህ መጣህ?» ስትል አንዲት የአፋፍ ሴት ጮኸች።

«እናንተ ውኃ ሲጠማችሁ ነው ሽምግልና ትዝ የሚላችሁ!» የሚል መልስ ከሸለቆ በኩል መጣ፤ መራራ ሳቅም ተከተለው።

ይታይሽ አዲስ በተተካው ማርገቢያ ላይ ዐይኗን አሳረፈች። አጎቷ ከፊት ረድፍ ራሳቸውን በቀስታ ነቀነቁላት፤ ዝለዪው ማለታቸው ነው። እርሷም ማርገቢያውን ነቅላ ጣለችና እጇን በላይኛው ንጣፍ ላይ አሳረፈች።

አራት ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ራሱን ያዘ። ጎረምሶች ተንበረከኩ፤ አንድ ዘበኛ አስታወከ። ሁሉም በአንድ አፍታ ገዳይም ተገዳይም ሆነ፤ የጎደለችው ጣት በሁሉም እጅ ጎደለች፤ የራስ ቅሉ በሁሉም ጆሮ ተሰበረ። ሦስተኛው ምት ሲያልፍ ከሸለቆ በኩል እንደ ጎርፍ ያለ ጩኸት ተነሣ፤ እጆች ወደ ፍርስራሹ ወረዱ። የመጀመሪያው ብረት ተወርውሮ የአንድ የአፋፍ ሰው ጉንጭ ቀደደው። ዘበኞቹ ዱላቸውን አበሩ፤ የተቃጠለ ሥጋ ሸተተ።

ይታይሽ ጓንቷን አላወለቀችም። ጎንበስ ብላ ድንጋዩን አቀፈችና በማጅራቷ ላይ ጫነችው።

ኅብር አሁንም ክፍት ነበር። ሸክሙ በአራት ሺህ ማጅራት ላይ ወረደ። ብረት ያነሣ እጅ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ጀርባው የጎበጠ ሰው እንዴት ይወረውራል? በዚያ ሁሉ ጎባጣ መካከል እየተንገዳገደች ሄዳ በአያ ጓንጉል እግር ሥር ተንበረከከች።

«አያ ጓንጉል፣ ማንጠግቦሽን የገደላት የእናቴ ልጅ ነው። እርሱ ስለ ሌለ እኔ መጣሁ።»

ሽማግሌው ዞረው ቢሰጥን አዩት። «ልጄ አይዋሽም ብዬ ነበር» አሉ፤ «ማንም አልሰማኝም።» እጃቸውን ወደ ድንጋዩ ዘረጉ፤ ግን ሳይነኩት መለሱት። «እኔ አልችለውም። ቢሰጥ፣ አንሣላት።»

የወንድሟ ገዳይ ከራሷ በላይ ድንጋይ ይዞ ቆመ። ይታይሽ ዐይኗን ጨፈነች፤ ትንፋሹን በአናቷ ላይ ትሰማው ነበር። ጥበቃው ሲረዝምባት ቀና አለች። ቢሰጥ ድንጋዩን በራሱ ማጅራት ላይ ጭኖ በፊቷ ተንበርክኳል።

«የእኔም ዕዳ አለ» አላት። «ወንድምሽ ሲወድቅ ‹እናቴ!› እያለ ነበር የሚጮኸው። ሳልነግርሽ አልችልም።»

ያን ባይነግራት ይሻላት ነበር። ጎንበስ ብላ ድንጋዩን ከግራና ከቀኝ ጨበጠችው። ጧት ከወንድሟ የተማሩት ክንዶቿ መንገዱን ዐወቁት፤ የግራ እጇ ትንሿ ጣት ሳታዝዛት ታጠፈች። ድንጋዩ ከቢሰጥ ማጅራት ተላቀቀ፤ ወደ ደረቷ፣ ወደ ትከሻዋ፣ ከራሷም በላይ ወጣ። ማጅራቱ ከሥር ተገልጦ ይታያል። ሸክም የሚያነሣ ክንድና የሚገድል ክንድ እስከዚህ ድረስ የሚሄዱት በአንድ መንገድ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳች፤ ሸክሙን ያነሡት ስድስቱም የጥንት ሰዎች እዚህች ቦታ ላይ ቆመው ነበር። አራት ሺህ ሰው ክንዱን ሰቅሎ ይጠብቃል። ከመካከላቸው «ምቺው!» ያለ ነበረ፤ እርሷም ፈልጋ ነበር። በሙሉ ልቧ ፈልጋ ነበር።

ዛሬ ይታይሽ አሮጊት ናት። ድንጋዩ ከቦታው ነው፤ ሙሽሮችም አሁንም ፎቶግራፍ ይነሡበታል። በዓመት አንድ ጊዜ ጓንቷን አጥልቃ ታነብበዋለች። የሷ ማጅራት አለ፤ የቢሰጥ ማጅራት አለ፤ ከዚያ በአየር ላይ የቆሙ፣ ሳይመቱ የወረዱ ሁለት እጆች አሉ። ከእነርሱ በኋላ ያለው ባዶ ነው፤ አርባ ሁለት ዓመት የሚረዝም ባዶ።

አዳዲስ አንባቢዎች እዚያ ሲደርሱ ጓንታቸውን አውልቀው ይመረምሩታል። «እትዬ፣ መሣሪያው እዚህ ላይ ተበላሽቷል» ይሏታል።

«አልተበላሸም» ትላቸዋለች። «እጃችሁን አታንሡ፤ አንብቡት።»