በቀን የበራው መብራት

የፎቶ አንሺው የፕሬበን ሆይሩፕ ሬሳ ከምድር ቤቱ ደረጃ ግርጌ ተዘርግቶ ሳለ፣ የቤቱ ጌታ አስገር ሊንደ መርማሪዋን የተቀበላት ጫማዋን እንድታወልቅ በመጠየቅ ነበር። «ወለሉ አዲስ ነው» አላት። ዲተ ስካው በኮፐንሀገን ፖሊስ ብዙ ጉድ አይታለች፤ ይህን ስትሰማ ግን ቅፍፍ አላት። ከነጫማዋ ገባች።

ፕሬበን ሠላሳ ዓመት የሰውን ቤት ውስጡን ፎቶ ሲያነሳ የኖረ፣ መጽሔቶች የሚሻሙበት ሰው ነበር። በፎቶዎቹ ውስጥ ባዶ ክፍልና የመስኮት ብርሃን እንጂ ሰው አይገባም። ዛሬ የመጣውም የአስገርን ቤት ለመጽሔት ሊያነሳ ነበር።

«እንዴት ወደቀ?»

«ሳሎኑን ሊያነሳ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ነዋ! እኔ ፎቅ ላይ ነበርኩ። ካሜራውን እዪው፤ የመጨረሻው ፎቶ የተነሳው ከደረጃው አፍ ላይ ነው።»

እውነት ነበር። ሚስቱ ቪቤከ፣ ከዲተ ትከሻ የማትደርስ ሴት፣ ጓሮ አበባ ስቆርጥ ነበር አለች። የሟቹ ረዳት ኤስበን ደግሞ መኪናው ጋ ዕቃ ስጭን ነበር አለ። ሦስቱም ብቻቸውን ነበሩ፤ ምስክር የለም።

ዲተ ወደ ምድር ቤቱ ስትወርድ ሳል ሰማች። የልብስ ማጠቢያውን ክፍል ስትከፍት የሽንት ሽታ ተቀበላት። የአስገር እናት ኢንገር በቆሸሸ ልብስ ክምር መሃል፣ ቀሚሳቸው እንደረጠበ፣ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ እዚህ ማን አመጣዎት?»

«ልጄ ነዋ። ቤቱ ሲነሳ እኔ አልታይም። ሰውየው ግን ሳሌን ሰምቶ ወረደ። ‹ይምጡ፣ መስኮቱ ጋ ይቀመጡ፤ ዛሬ የማነሳው እርስዎን ነው› አለኝ። ሊነግራቸው ወጣ። ከዚያ ጩኸት... የማን እንደሆነ ጆሮዬ አይለይም።»

ዲተ አሮጊቷን ደግፋ ወደ ላይ አወጣቻቸውና ኤስበንን ለብቻው ጠራችው።

«ፕሬበን በቀን መብራት ያበራ ነበር?»

«እሱ? ዓይኑን ቢያጠፉት ይሻለዋል! እዚህ አገር ሰው ሁሉ በውድ የቤት መብራቱ ይኮራል፤ እሱ እየዞረ ያጠፋል። ካሜራውንም ከወገብ በላይ አያቆምም።»

ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። የመጨረሻውን ፎቶ አሳየቻቸው።

«ሳሎኑ ውስጥ ያለው ይህ የመዳብ መብራት በርቷል። ስለዚህ ይህን ያነሳው ፕሬበን አይደለም። ገዳዩ ነው፤ አደጋ እንዲመስል ከደረጃው አፍ አንስቶ ካሜራውን ወደ ታች ወረወረው። ኤስበን ቢሆን መብራቱን ያጠፋ ነበር። ያበራው የሚኮራበት ሰው ነው።»

«እኛ ሁለታችን?» አለች ቪቤከ።

«ፎቶው የቁም ሳጥኑን አናት ያሳያል፤ አቧራው ሳይቀር። አንቺ ያንን ለማየት መሰላል ያስፈልግሻል። አስገር ግን ቆሞ፣ በዓይኑ ልክ አነሳው።»

«ዓመት ሙሉ የደከምንበትን ቤት!» አለ አስገር። «እሷን ከነሽታዋ መስኮት ላይ ሊያስቀምጣት! ገፋሁት። መግደል አላሰብኩም።»

ኢንገር ልጃቸውን እያዩ አንገታቸውን ደፉ። ዲተ ውጭ የቆሙትን ፖሊሶች ጠርታ አስወሰደችው፤ እጁን እንኳ ልትነካው ተጸየፈች።

ቪቤከ የአበባ ማስቀመጫውን እያስተካከለች ጠየቀች፦

«እንግዲህ... ፎቶዎቹ መጽሔቱ ላይ አይወጡም ማለት ነው?»