ዱቄቱን አትጠቅጥቂው

ተስፋልደት «ነገ ስትመጪ ከቤት አንድ የውሃ ብርጭቆ ያዢ» ሲላት፣ የሺሀረግ ለምን ብላ አልጠየቀችም። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ሆዷ ቀድሞ ነግሯታል።

ጦርነቱ አልቆ አስመራ የጨፈረችበት የሰማንያ ሦስት ዓ.ም. ግንቦት ማግስት ነበር። ጭፈራው ግን የሺሀረግ ቤት አልገባም። አባቷ ሃምሳ አለቃ አሳምነው ከሚሸሸው የደርግ ጦር ጋር በከረን በኩል ወጥተው ወሬያቸው ጠፍቷል። ቃኘው የጦር ሰፈር አካባቢ የነበሩት የወታደር ቤተሰቦች በመኪና እየተጫኑ ወደ ኢትዮጵያ ይሄዳሉ። ጎረቤቶቿ ተራ በተራ መጋረጃቸውን አወረዱ። ትናንት ደግሞ እሷና ዓይናቸው የደከመው እናቷ «ዓርብ ጠዋት ተዘጋጁ» ተባሉ።

ተስፋልደት ዓኽርያ ሰፈር ባለች አንዲት ትንሽ ዳቦ ቤት ጋጋሪ ነው። ከተማዋ በተከበበች ጊዜ ለዳቦ ልትሰለፍ መጥታ፣ ዱቄት አልቆ ሰልፉ ሲበተን እሷ ብቻ ቆማ ቀረች። «ምን ትጠብቂያለሽ?» ቢላት «የሚመጣውን» አለችው። ሳቀ። ውሎ አድሮ እሷም እዚያው ሥራ ገባች።

አሁን የምትጠብቀው አንድ ቃል ነው፤ «አትሂጂ» እንዲላት። እሱ ቤት ግን ከድሉ ጋር የታጋዩ ታላቅ ወንድሙ የአማኑኤል መርዶ ገብቷል፤ እናቱ ጥቁር ለብሰዋል። የወታደር ልጅ ይዞ በየትኛው እግሩ ደጃቸውን ይርገጥ? ቃሉን በመናገር ፈንታ ያመጣችውን ብርጭቆ ተቀብሎ ሚዛኑን ጠረገ።

«እኛ ሁሉን በግራም ነው የምንሠራው» አለ ሳያያት። «እዚያ ሚዛን ላታገኚ ትችያለሽ። ብርጭቆሽ ስንት እንደሚይዝ ካወቅሽ ግን ያስተማርኩሽን ቶርታ የትም ትጋግሪዋለሽ።»

«እዚያ የት ነው?»

በውጭ አንድ ከባድ መኪና አለፈ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ሁለቱም እስኪርቅ ጠበቁ።

«ዱቄቱን ንፊው፤ በማንኪያ ቀስ አድርገሽ ሙዪው። አትጠቅጥቂው። አፉን በቢላዋ ጀርባ አስተካክዪው።»

መጀመሪያ እሱ ሠርቶ አሳያት፤ ሚዛኑ ላይ ሲገለብጠው መቶ አስር ግራም መጣ። እሷ ስትሠራው መቶ ሠላሳ።

«ኣይፋል፣ አይሆንም። እንደገና።»

ዱቄት ጉደኛ ነገር ነው፤ ሚዛንን አይዋሽም፣ ለብርጭቆ ግን እንደ ያዡ ነው። ጠቅ ጠቅ ካደረጉት ይተኛና ለሌላ ዱቄት ቦታ ይለቃል፤ ቶርታውም ድንጋይ ሆኖ ይወጣል።

አሁን ደግሞ መቶ አርባ ሆነ። ተስፋልደት ቀና ብሎ እጇን አየ። ብርጭቆውን ቀስ እያደረገች ከጠረጴዛው ጋር ታጋጨው ነበር።

«የሺ፣ ሆን ብለሽ ነው?»

«ልኩ ከመጣልኝ ትሸኘኛለህ፣ አይደል?» እንባዋ መጣ። «እንግዲያው አይመጣልህም!»

ጋጋሪው ዱቄት በነካው እጁ ፊቱን ሸፈነ።

«ኣይትኺዲ» አለ በመጨረሻ፣ ጭንቅ ሲይዘው እንደሚያደርገው በገዛ ቋንቋው። «አትሂጂ። ለኣደይ፣ ለእናቴ፣ ዛሬውኑ እነግራታለሁ። ታልቅስ፣ ከፈለገችም ትርገመኝ። እኔ ያላንቺ አልችልም።»

ያን ቃል ስንት ቀን ለምናዋለች። አሁን ሲመጣ ግን ያሰበችው እናቷን ነበር። ዓርብ ጠዋት እናቷ የመኪናውን መወጣጫ በእጃቸው ሲዳብሱ ታዩዋት። የባላቸው ወሬ የለ፤ እጃቸውን የሚይዝ ሌላ ልጅ የለ።

«እወድሃለሁ» አለችው። «እናቴን ግን ለማን ልስጣት?»

«አድርሰሻት ትመለሻለሽ።»

«መንገዱ ቢዘጋስ?»

ተስፋልደት አንገቱን ደፋ። ነገ ምን እንደሚመጣ በዚያች ከተማ ማን ያውቅ ነበር?

የሺሀረግ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ዱቄቱን እንደገና ነፋች። በማንኪያ ቀስ አድርጋ ሞላች፤ ሳትነካካ፣ ሳትጠቀጥቅ። አፉን አስተካከለች። ሚዛኑ ላይ ገለበጠችው።

«ስንት ሆነ?» አለችው።

ተስፋልደት ፊቱን ከሚዛኑ አዞረ። ራሷ አነበበችው።

«መቶ አስር» አለች። «በል፣ አሁን የስኳሩን አሳየኝ።»